ከአስተማሪ ወንበር ላይ የታዘዘች መኪና

ለምትናፍቂኝ እትዬ፤

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ? ባለፈው ደረጃ ስወጣ ይቆረጥመኛል ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር፤ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ግድግዳ እየተደገፍሽ ነው የምትወጪው? ዓይንሽስ እንዴት ነው? ከእንግዲህ ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር አልሰፋም ብለሽ ምለሽ ነበር፤ ደንበኛ ከመጣ መሐላሽን እንደምትበዪ ስለማውቅ ነው የምጠይቅሽ። ዝምተኛው ባልሽ ደህና ነው? ዛሬም ሬዲዮኑን ከፍቶ አጠገቡ ያንቀላፋል? ትልቁ ልጅሽ ጢም አወጣ ብለው ነገሩኝ፤ ሳላየው አላምንም። ትንሿስ አሁንም ከመቁረጫ ጠረጴዛሽ ሥር ገብታ ቁርጥራጭ ጨርቅ ትለቅማለች? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ሦስታችንም እንበላለን፣ እንተኛለን፣ ማናችንም አላሳለንም ማለቴ ነው። የውስጤን እየቆየሽ ታነቢዋለሽ፤ ብቻ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

መኪናዋን በትእዛዝ ላስመጣ ወይስ ከቆሙት አንዷን ልግዛ ብዬ ለጠየቅሁሽ የላክሽው መልስ ደርሶኛል። እንደ ልብስ ሰፊነትሽ ነው የመለስሽልኝ። ዝግጁ ልብስ ለሁሉም ይሁን ተብሎ ስለሚሰፋ ለማንም አይሆንም፣ ገላ ላይ የሚቀመጠው ተለክቶ የተሰፋ ነው፣ እዘዢ ብለሻል። ባሌ ደግሞ እንደ ፀጉር አስተካካይነቱ፣ ፀጉር ታዞ አይመጣም፣ ሰው ይዞት የመጣውን ነው የምናስተካክለው፣ ካለው ግዢ አለኝ። ሁለታችሁም በመቀስ የምትኖሩ ሰዎች እንዲህ መለያየታችሁ ሲያስቀኝ ሰነበተ። ግን መልስሽ እስኪደርስ እኔ ወስኜ፣ ውሳኔዬን አፍርሼ፣ እንደገና ወስኜ ነበር።

ከደብዳቤሽ ግርጌ አንድ ነገር ጨምረሻል። ያቺ ጨዋ ተማሪሽ እንዴት ናት፣ ሰላም በይልኝ ብለሻል። እትዬ፣ አንድ ጊዜ ልትጠይቂኝ መጥተሽ አንድ ብርጭቆ ሻይ አብራሽ ስለጠጣች ነው? ደብዳቤውን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት፤ ሦስት ቀንም አላወጣሁትም። የገዛ እህቴን ሰላምታ ከእሷ ጋር መካፈሌ ቆሽቴን አሳረረው። እንዲህ ያለሁ ሰው ሆኛለሁ፣ እወቂው።

አልቃሻዋ ነበር የምላት፣ ታስታውሻለሽ። ለማጅ ሆና እኔ ዘንድ ስትመጣ ፍሪሲዮን በረገጠች ቁጥር እንባዋ ይቀድማት ነበር። ሦስት ጊዜ ፈተና ወደቀች። ሦስቱንም ጊዜ ሶፍት እየሰጠሁ ያባበልኳት እኔ ነኝ፤ በአራተኛው ያሳለፍኳትም እኔ ነኝ። ከዚያ ምን አደረገች? ዓመት ቆይታ የአስተማሪነት ፈቃድ አወጣችና ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት፣ ድሮ ቁልፍ ቀራጩ በነበረበት ቤት ማሠልጠኛ ከፈተች። ስንትና ስንት መንገድ ባለበት ከተማ! መጀመሪያ ግድ አልሰጠኝም። ምን ታመጣለች ብዬ ናቅኋት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የተባለው ለእኔ ነው።

ባለፈው ዓመት መኪና በትእዛዝ አስመጣች። አምስት ወር ጠበቀቻት። ቀለሟ የሎሚ ቢጫ ነው፤ ከመንገዱ ጫፍ ብቅ ስትል ዓይን ትወጋለች። አስተማሪው ከጎን ተቀምጦ የሚረግጠው ድርቡ ፍሬን ከፋብሪካው ተገጥሞ የመጣ ነው እንጂ እንደኔ መካኒክ በብየዳ ያበጀው አይደለም። ከዚያ ወዲህ ለማጆች ጠዋት ጠዋት በሯ ላይ ይሰለፋሉ። እኔ ከመጋረጃዬ ጀርባ ቆሜ እቆጥራቸዋለሁ። ሰባት የሆኑ ቀን ምሳ አልበላም። አንዷ የእኔን በር አንኳኩታ ገባችና ልቤ ቅቤ ጠጣ፤ ለካ ማዶ ያለው ቤት ስንት ሰዓት ይከፈታል ልትለኝ ነው።

የእኔዋ መኪና ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የከተማው ለማጅ ሁሉ ማርሿን ሲያንገጫግጭባት ኖሮ ሦስተኛው ማርሽ የሚገባው ሲለምኑት ነው። ለዓመታዊው ምርመራ ስወስዳት መርማሪው ከሥሯ ወጥቶ እጁን እየጠረገ፣ እመቤቴ ይህቺን መኪና ለሚቀጥለው እንዳያመጧት አለኝ። ስለዚህ አዲስ መግዛቱ ግድ ነበር። የቀረው እንዴት እንደምገዛ ነው።

የመኪና መሸጫው ወለሉ ፊት ያሳያል። ሻጩ ክራባቱን በመርፌ ቁልፍ ደረቱ ላይ ያያዘ ትሑት ሰው ነው። ሁለት መንገድ አለዎት አለኝ። አንደኛው፣ ጓሮ ከቆሙት ነጯን ነገ ይዘው መሄድ ይችላሉ፤ ድርቡን ፍሬን መካኒካችን በሳምንት ውስጥ ይገጥምልዎታል። ሁለተኛው ማዘዝ ነው፤ ቀለሙን፣ ወንበሩን፣ መስተዋቱን አንድ በአንድ መርጠው ይሞላሉ፣ ከዚያ አምስት ወር፣ ምናልባትም ስድስት ይጠብቃሉ። እኔም ለማየት ያህል የነጯን በር ከፍቼ ገባሁ። ወንበሩን ገፋሁ፣ ሳብኩ፣ እግሬን ዘረጋሁ፣ በጎን መስተዋቱ ወደ ኋላ አየሁ። ሻጩ ውጭ ቆሞ ጠበቀ። ቆይቶ በመስኮቱ ጎንበስ አለና የሚነዳው ሰው እየመጣ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ለካ የተቀመጥኩት ከሹፌሩ ጎን ነው! መሪ የምይዘው ጠዋት ከቤት ስወጣና ማታ ስመለስ ብቻ ነው፤ የቀረውን ቀን ሙሉ ከጎን ነኝ፤ መኪና ማለት ለእኔ ከዚያ ወንበር የሚታየው ነገር ሆኗል። ሣቅሁ፣ እሱም ሣቀ፤ ግን ተነሥቼ ወደ ሹፌሩ ወንበር አልዞርኩም።

ያን ቀን ነጯን ልወስድ ነበር፤ እውነቴን ነው። አስቤበት እመለሳለሁ ብዬ ወደ በሩ ሳመራ ግድግዳው ላይ ደንበኞች ቁልፍ ሲቀበሉ የተነሡት ፎቶ ተሰቅሏል። ከሁሉም መሀል ማን ናት? አልቃሻዋ። ሎሚዋ መኪና ላይ ተደግፋ፣ ጥርሷን ከዳር እስከ ዳር አሳይታ። እኔ በሕይወቷ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ እኔ ዘንድ ያላቀሰችው ሁሉ ለእኔ ቀርቶ ሣቁ ለሌላ ግድግዳ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ነጭ የሚባለው ቀለም ዓይኔ ላይ የታጠበ ሰሃን መሰለ። ተመልሼ ገባሁና አዝዣለሁ አልኩት።

እንዴት እንዳዘዝኩ ብነግርሽ ታፍሪብኛለሽ። ሻጩ አንድ ነገር በጠየቀኝ ቁጥር እኔ መልሼ ያቺ ምን መረጠች እለዋለሁ። የደንበኛ ምሥጢር አንናገርም ይላል፤ ግን ሞኝ አይደለሁም፣ ስጠራለት ዓይኑን ሲያርገበግብ አነብበዋለሁ። እሷ ለአስተማሪው ጎን አንድ ተጨማሪ መስተዋት ካዘዘች እኔ ሁለት። የእሷ ወንበር ወደፊትና ወደኋላ ከሄደ የእኔ ከፍና ዝቅም ይበል። የክንድ መደገፊያ፣ ለብቻው የሚከፈት የነፋስ ማስገቢያ፣ ቀለሟ ደግሞ እሳት የመሰለ ቀይ። ዋጋው እየናረ ሲሄድ ከወዲያኛው ጎን ቀነስኩ። የሹፌሩ ወንበር ከፍ ዝቅ የሚልበትን ሰረዝኩት። ለማጅ ምን ያደርግለታል፣ ዛሬ መጥቶ ነገ ይሄዳል አልኩ። ስወጣ ደረቴን ነፍቼ ነበር፤ ስድስት ወር ጠብቄ ያን ሎሚ እጨምቀዋለሁ እያልኩ።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። እሷን እስካሁን ያላነሣሁት ረስቼ አይደለም፣ ፈርቼ ነው።

ትምህርቷን እንደጨረሰች መድኃኒት የሚያከፋፍል ድርጅት አነጋግሯት ነበር። በትንሽ መኪና ለየፋርማሲው መድኃኒት ታደርሳለች፤ መንጃ ፈቃዷን እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ ካመጣች ቦታው የእሷ ነው ተባለች። እናቷ የመኪና አስተማሪ ናት፤ ከዚህ የሚቀል ምን አለ ትያለሽ። በአሮጌዋ መኪና ሦስት ጊዜ ይዣት ወጥቻለሁ። ሦስቱም ጊዜ በጠብ አለቀ። በመጨረሻው ቀን መታጠፊያው ላይ መኪናዋን አቁማ ሞተሩን አጠፋች፣ ቁልፉን ጭኔ ላይ አስቀመጠች፣ በእግሯ ወደ ቤት ሄደች። እኔ በመኪናዋ አሳበብኩ። ማርሿ ነው፣ እርጅናዋ ነው፣ አዲሷ ስትመጣ እንደ ሰው አስተምርሻለሁ አልኳት። እማ፣ ሥራው አምስት ወር አይጠብቀኝም አለችኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አልኳት። እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ሥራው ክንፍ ያወጣል አለችና ክፍሏ ገባች። አባቷ ሣቀ፤ እኔ አልሣቅሁም። ነጯን በነጋታው ይዤ መምጣት እችል ነበር እኮ። ይህን ለራሴም አልነገርኩትም።

ረቡዕ ቀን ከምሳ በኋላ ከወረቀት መሸጫው ወጥቼ ለመሻገር እግረኛ ማቋረጫው ላይ ቆምኩ። ሎሚዋ ከላይ ስትወርድ አየኋት። እንደ ልማዴ ፊቴን ላዞር ስል ፍጥነቷን ቀነሰች፣ ቀነሰች፣ ከነጩ መስመር አንድ ክንድ ሲቀራት ቀጥ ብላ ቆመች። ሳትነቀነቅ፣ ሳትንገጫገጭ። እንዲህ አድርጎ የሚያቆም ለማጅ ማን ነው ብዬ በፊት መስተዋቱ አሻግሬ ሳይ ልጄ ናት። ለእኔ ነው የቆመችው። ሁለት እጇ መሪው ላይ፣ ትከሻዋ የተፈታ፤ እኔ ጎን ስትቀመጥ ጆሮዋ ድረስ የሚወጣው ትከሻ! አልቃሻዋ ከጎኗ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እጇን በቦርሳው ላይ አጣምራ ተቀምጣለች። ሦስታችንም ተያየን። ከኋላ ክላክስ ተነፋ። ተሻገርኩ እንግዲህ፣ ምን አደርጋለሁ።

እትዬ፣ ባሌን ከሌላ ሴት ጋር ባየው እንዲያ የምሆን አይመስለኝም። እሱንስ ፀጉሩን ይዤ እጎትተው ነበር። ይህን ምን ይዤ ልጎትተው? ልጄ የሰው ቤት ምግብ በልታ ጥጋብ ያየሁባት ያህል ነው የተሰማኝ።

ሎሚዋ ተመልሳ እስክትቆም ጠብቄ መንገዱን ተሻገርኩ። አልቃሻዋ ብቻዋን ነበረች። ስገባ ከወንበሯ ብድግ ብላ መምህሬ አለችኝ፤ መነሣቷ ራሱ አናደደኝ። ልጄ ከአምስት ሳምንት በፊት ራሷ እንደመጣች፣ ገንዘብ አልቀበልም እንዳለቻት፣ ለእናትሽ ንገሪ ብላ በየቀኑ እንደምትወተውታት፣ እሷም ዛሬ እነግራታለሁ ነገ እነግራታለሁ እያለች እዚህ እንደደረሱ ነገረችኝ። ለምን እኔን ትታ አንቺ ዘንድ መጣች ብዬ ጠየቅኋት። መናገር አልፈለገችም። ጮህኩባት። ያን ጊዜ ወለሉን እያየች፣ እናቴ እኔ ከመሳሳቴ በፊት ፍሬን ትይዛለች፣ የራሴን ስህተት አይቼው አላውቅም ብላኛለች አለች። አንቺንም ያሳለፍኩሽ በዚሁ እግር ነው አልኳት። አዎ መምህሬ አለች። ብታለቅስልኝ ምን ነበረበት! ዓይኗ እንኳ አልረጠበም። አኩርፌ ወጣሁ፤ በሩንም በኃይል የዘጋሁት ይመስለኛል።

ሁለት ቀን ከልጄ ጋር አልተነጋገርንም። ባሌ መሀል ተቀምጦ፣ እናትሽ ጨው አቀብዪኝ ትላለች፣ ልጅሽ እንኪ ትላለች እያለ አስተርጓሚ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ከመሸጫው ፖስታ መጣ። ፋብሪካው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የመጨረሻው ማረጋገጫ ቅጽ ነው፤ እስከ ሰኞ ተፈርሞ ካልተመለሰ ትእዛዙ አይጸናም ይላል። ጠረጴዛው ላይ ትቼው እጄን ልታጠብ ስሄድ ልጄ አንሥታ አነበበችው። ስመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረችኝ። እማ፣ ይህቺ መኪና ከጎን ለሚቀመጠው ሁሉ ነገር አላት፣ ለሚነዳው ግን መሪ ብቻ ነው ያላት፤ እኔ በዚህ ወንበር ብቀመጥ የማየው ኮፈኑን እንጂ መንገዱን አይደለም አለች። እንደኛ አጭር ናት፣ ታውቂያታለሽ። እውነት መሆኑን ወዲያው አወቅሁ፤ ለዚህም ነው የጮህኩት። እንግዲያውስ ያቺ ማዶ ያለችው እናትሽ ተለክቶ የተሰፋ ትዘዝልሽ አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ልመልሰው ፈለግሁ፤ አልተመለሰም። ልጄ ወንበሯን ቀስ አድርጋ ወደ ጠረጴዛው አስጠግታ ወጣች። ባሌ ሳህኗን አንሥቶ ከደነላት።

የፈተናዋን ቀን አልነገረችኝም። ባሌ ነው ቅዳሜ ጠዋት ጢሙን እየላጨ፣ ዛሬ ነው፣ አራት ሰዓት ላይ ነው፣ አልነገርኩሽም ያለኝ። ሄድኩ። ከሽቦ አጥሩ ጀርባ ከለማጆቹ ቤተሰብ ጋር ተደባልቄ ቆምኩ። እትዬ፣ እናት ነኝና እውነቱን ልንገርሽ፤ አንድ ጊዜ እንድትሳሳት ተመኘሁ። እንድትወድቅ አይደለም፤ ብቻ አንዲት ትንሽ ነገር፣ ይህን እኔ ባስተምራት አትሳሳትም ነበር የምልባት። አልተሳሳተችም። ዳገቱ ላይ አቁማ ሳትንሸራተት ተነሣች፣ በሁለቱ ምሰሶዎች መሀል ወደ ኋላ ገባች፣ ጨረሰች።

ኮፍያውን የማያወልቀው ፈታኝ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ከሕዝቡ መሀል ለየኝ። ስንት ዓመት እንተዋወቃለን። እንኳን ደስ አለሽ፣ ያንቺ እጅ ያለበት ያስታውቃል፣ እናት ያስተማረችው እንዲህ ነው አለኝ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። እኔስ ምን አልኩ? አመሰግናለሁ አልኩት። እንዲያውም አንገቴን ደፋ አደረግሁ፣ እንደ ትሑት። ዞር ስል አልቃሻዋ ሦስት እርምጃ ርቃ የልጄን ጃኬት በክንዷ ይዛ ቆማለች። ሰምታለች። ጃኬቱን ካንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች። ልጄም ሰምታለች። አልተቆጣችም፤ እኔን ያየችኝ ግን እንደማታውቀኝ ሰው ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲሉ እንዲህ እንደሚያሳፍር አላወቅሁም ነበር። በሕይወቴ የሰው መርፌ እንኳ አንሥቼ አላውቅም፤ ያን ቀን በአደባባይ ሰረቅሁ፣ ያውም ካባበልኳት ልጅ።

ቤት ገብቼ ቅጹን አወጣሁ። እስክሪብቶ ይዤ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሁለት መስተዋት፣ የክንድ መደገፊያ፣ እሳት የመሰለ ቀይ። ልጄ ያለችው ትክክል ነበር፤ ከአንድ ወንበር በቀር ሰው እንደሚቀመጥባት አላሰብኩም። ልብስ ተለክቶ ይሰፋ ብለሽኝ ነበር፤ እኔ የለካሁት አልቃሻዋን ነው። ሳልፈርም አጠፍኩት።

ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያ ፈተና ቦታው ሄድኩና ፈታኙን ከመኪና ላይ አስወርጄ፣ ልጄን ያስተማረቻት ማዶ ያለችው ናት፣ እኔ አይደለሁም፣ ለእሷ ንገርልኝ አልኩት። ጥርሴን ነክሼ ነው ያልኩት። እሱ ኮፍያውን እየነካካ፣ እሷስ ያው ያንቺው ተማሪ አይደለች አለኝ። እትዬ፣ መተው ነበረብኝ፤ ግን ይህቺን ወሰድኳት። ባዶ እጄን ከምመለስ ብዬ።

ከዚያ ልጄን ይዤ መሸጫው ሄድኩ። ለምን እንደምንሄድ አልነገርኳትም፤ እሷም እስክንደርስ አልጠየቀችኝም። ሻጩን ትእዛዙን ትቻለሁ፣ ነጯ አለች ወይ አልኩት። አለች። ልጄን ወደ ሹፌሩ በር ወስጄ፣ ግቢና ወንበሩን ሞክሪው አልኳት። ከፍ አደረገችው፣ መንገዱ ታየሽ አልኳት፣ ታየኝ አለች። ሻጩ ድርቡ ፍሬን እስኪገጠም አንድ ሳምንት ትቆይልን አለ። ዛሬውኑ ነው የምንወስዳት፣ እሷ ናት የምትነዳት አልኩት። ልጄ ትኩር ብላ አየችኝ። እኔም ዞሬ በጎን ገባሁ።

ከጎን ተቀምጬ እግሬ ሥር ፍሬን ሳይኖር መኪና ሲንቀሳቀስ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያ ቀን የመጀመሪያዬ ነው። መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ምንጣፉን ረገጥኩት። ሁለተኛው ላይም ረገጥኩት። እጄን ከጭኔ ሥር አስገባሁ፣ አፌን ዘጋሁ። ትልቁ መገናኛ ላይ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቀችና ሞተሩ ጠፋባት። ከኋላችን ያለው ሁሉ ክላክስ ነፋ። እግሬ ወለሉን ሊበሳው ደረሰ፤ ግን ምንም አልረገጥኩም፣ የምረግጠው ነገርም የለም። እሷ አንዴ ተነፈሰች፣ ሞተሩን አስነሣች፣ መስተዋቷን አየች፣ ሄደች። ያ ነው። ስህተቷን አየችው፣ ራሷ አስተካከለችው፣ እኛም አልሞትንም።

መንገዱን ሙሉ በእጆቿ ውስጥ የእኔን ትምህርት ስፈልግ ነበር። ያቺን አስተማሪዋን ያስተማርኳት እኔ ነኝና የሆነ ቦታ መገኘቴ አይቀርም ብዬ። አላገኘሁትም። መሪውን የምትይዘው እኔ በማላስተምረው አያያዝ ነው፤ ማዞሪያ ስትገባ እኔ ከምለው ቀደም ብላ ነው የምትቀንሰው። ከእኔም ይሻላል። ይኸው ጻፍኩት። በደንብ ነው የነዳችው እትዬ፣ እንደ ሹፌር ነው የነዳችው፤ እኔም ከኩራቱ ይልቅ ቅናቱ ቀድሞኝ በመስኮት ስመለከት ነበር። አባቷ ፀጉር ቤት በር ላይ አቆመችና ቁልፉን ሳታወጣ፣ እንዴት ነበር እማ አለችኝ። ለስንት መቶ ሰው በርታ፣ በርቺ ብዬ አሳልፌያለሁ። ለእሷ፣ ጎማው ከጠርዙ ርቋል አልኳት። ወርዳ አየች፣ እውነትሽን ነው አለች፣ ተመልሳ ገብታ አስጠጋችው።

ሥራዋን ከጀመረች ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ ነው። ቦታው ሳይያዝባት ደርሳለች። የእኔም በር ትናንት ሁለት ጊዜ ተንኳኳ፤ ሁለቱም ለማጅ ሊሆኑ የመጡ ናቸው። የነጯን ፍሬን መካኒኩ ገጥሞልኛል፤ ከለማጅ ጋር ያለ እሱ አልወጣም፣ ሞኝ አልሆንኩም። አልቃሻዋን ከእንግዲህ በዚህ ስም አልጠራትም ብያለሁ፣ ግን ሌላ ስም እስካሁን አላወጣሁላትም። በሯ ላይ ዛሬ አራት ናቸው። ቆጥሬያለሁ።

ዝምተኛውን ባልሽን እጅ ንሺልኝ፤ ሬዲዮኑን ሳታጠፊ አጠገቡ ሰላምታዬን በጆሮው ንገሪው። ትልቁን ልጅሽን አክስትህ ጢምህን በፎቶ ልታይ ትፈልጋለች በይልኝ። ትንሿን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ከቁርጥራጯ መሀረብ ሰፍታ ከላከችልኝ ነጯ መኪና ውስጥ አንጠለጥለዋለሁ። ጎረቤትሽን ባልቴቷን ጤናዋን ጠይቂልኝ። ባሌ፣ መቀሷን ትሳል፣ ለሚቀጥለው ክርክር ዝግጁ ነኝ በያት ብሎሻል። ጉልበትሽን አሺው፤ ደረጃውንም ቀስ እያልሽ።

ይህን ደብዳቤ ወደ ፖስታ ቤት የምትወስደው ልጄ ናት፤ ነገ ጠዋት መድኃኒት ይዛ በዚያ በኩል ታልፋለች። በደንብ መንዳቷን በአፌ ልነግራት ቀኑን ሙሉ ስዘጋጅ እውልና ማታ ስትገባ ምላሴ ይታሰራል። ከልጅነቷ ጀምሮ ያልታሸገ ደብዳቤ ካየች ሳታነብ አታልፍም፤ ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ። ፖስታውን ሳላሸግ ነው የምሰጣት። አንቺ ዘንድ ታሽጎ ከደረሰ ያሸገችው እሷ ናት።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከማሠልጠኛዬ፣ በመስኮቱ በኩል ካለው ጠረጴዛ
ሐሙስ፣ የካቲት 13 ቀን